ካርዱ

የአሜሪካን ፉትቦል የውድድር ዘመን የመጨረሻ ጨዋታ ነበር። የኮሌጁ ቡድን ሞላላዋን ኳስ ሲወረውር ተጋጣሚዎቹ ቀድመው እዚያ ናቸው፤ ታቅፎ ሲሮጥም መንገዱን ዘግተው ይጠብቁታል። የማርሽ ባንዱ እንኳ መንፋቱን ትቷል። ከተሸነፉ አሰልጣኝ ሆሊስ እንደሚባረር ከተማው ሁሉ ያውቃል። ሆሊስ የሚያዛቸው የጨዋታ ስልቶች የተጻፉበትን ሰፊ ካርድ፣ ተጋጣሚ ከንፈሩን እንዳያነብበት አፉ ላይ ጋርዶ፣ ዓይኑን ተቀያሪው ትሬቨን ላይ ተክሏል። ልጁ አምና የተጋጣሚዎቹ ተጫዋች ነበር። አሁን ሄልሜቱን ጭኑ ላይ አድርጎ የቀድሞ ጓደኞቹን እያየ ራሱን ይነቀንቃል።

«ለማን ነው የምትነቀንቀው?» አለው ሆሊስ ከካርዱ ጀርባ። «የሚስጥር የእጅ ምልክታችንን የሰጠሃቸው አንተ ነህ! የበላህበትን ወጪት ሰባሪ!»

«ኮች፣ ምልክታችንን ማን ያየዋል? የሚያዩት እርስዎን ነው» አለ ትሬቨን። «ውርወራ ሲያዙ አፍዎን በካርዱ ይሸፍናሉ፤ ሩጫ ሲሆን ይረሱታል። አምና እኔም እዚያ ማዶ ሆኜ የማየው ካርዱን ብቻ ነበር።»

የሆሊስ ጆሮ ጋለ። ካርዱን ቀስ ብሎ ወደ ጉልበቱ አወረደው።

«ታዲያ ይህን እያወቅክ ዓመቱን ሙሉ ዝም አልከኝ?»

«እንዴት ልንገርዎት? ገና ስጠጋዎት ካርዱ ይነሳል። ከመጣሁ ጀምሮ ሲያናግሩኝ አፍዎን አይቼው አላውቅም።»

«ውሸት ነው!» ሊለው ፈለገ። ቃሉ ከአፉ ሳይወጣ ግን እጁ ቀድሞት ካርዱን አንስቶ ነበር።