ድልድዩ የሚያሳልፈው ልብ

አሮጌው የመኪና ድልድይ የእግረኛ መናፈሻ ከሆነ ወዲህ የሚያሳልፈው ልቡ የተረጋጋውን ብቻ ነው። መግቢያው ላይ ያለው በር የልብ ምት ይቆጥራል፤ የቸኮለና የተጨነቀ ሰው የሸለቆውን ውበት ያበላሻል ተብሎ ይመለሳል። ቤተክርስቲያኑ ደግሞ ከሸለቆው ማዶ ነው።

ዛሬ እድርተኞቹ የአቶ ደምመላሽን አስከሬን ተሸክመው በሩ ላይ ቆሙ።

"በሉ ተረጋጉ" አሉ የእድሩ ዳኛ። ወደ ሟቹ ባለቤት ዞረውም፣ "አንቺም እህቴ፣ እስክናልፍ ቻል አድርጊው። ማዶ ስንደርስ እንደልብሽ ታለቅሻለሽ" አሏቸው።

ወይዘሮ አስካለ ለሐዘን ያዘቀዘቁትን ነጠላ አስተካክለው ለበሱ። ወንዙ ዳር የተተከለውን አበባ እያዩም ፈገግ ለማለት ሞከሩ።

በሩ ቀይ አበራና በለሰለሰ ድምፅ ተናገረ፦ "ውድ ጎብኚዎቻችን፣ ልባችሁ በጣም ይመታል። ከመካከላችሁ የተረጋጉት የተኙት አባት ብቻ ናቸው። እሳቸው ይለፉ፤ መልካም መዝናናት።"

ከዚያም በሬሳ ሣጥኑ ልክ ተከፈተ።

አቶ ደምመላሽ ማዶ ባለው ዳቦ ቤት ውስጥ ሲሠሩ አሥር ዓመት ሙሉ ይህ በር አንድ ቀንም አሳልፏቸው አያውቅም። ሥራ እንዳይረፍድባቸው ስለሚጨነቁ፣ በየቀኑ ሸለቆውን ዞረው ነበር የሚሄዱት።

"አሁንማ ምን ያስቸኩለዋል" አሉ ወይዘሮ አስካለ፣ ነጠላቸውን መልሰው እያዘቀዘቁ።