የአሥራ አራት ሰው አስታማሚ

አዲሱ ሕግ ነርስን ከስምንት ሰዓት በላይ ማሠራት ከለከለ። ሆስፒታሉም ሕግ አክባሪ ነውና አንድም ነርስ ሳይቀጥር መላ ዘየደ። ሲስተር የሺመቤት ጠዋት አንድ ሰዓት ትገባለች፤ ልክ ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ደረቷ ላይ ያለው ባጅ «ነርስ» የሚለውን አጥፍቶ «አስታማሚ» ይላል። በመዝገቡም የክፍሏ አሥራ አራት ሕሙማን አስታማሚ ተብላ ትሰፍራለች። ሥራው ያው ነው፤ አስታማሚ ግን የሰዓት ገደብ የለውም።

ሐሙስ ዕለት እናቷ ታማ እሷው በምትሠራበት ክፍል ተኛች። ዘጠኝ ሰዓት እንዳለፈ የሺመቤት አጥሚት በፔርሙስ ይዛ ወደ እናቷ አልጋ ስትሄድ፣ አስተዳዳሪው አቶ ጌጡ መንገድ ዘጉባት።

«አንቺ እኮ የአሥራ አራት ሰው አስታማሚ ነሽ። መዝገቡ ከዚያ በላይ አይቀበልም።»

«እናቴ ናት እኮ።»

«እግዜር ይማርልሽ። ሌላ ዘመድ ፈልጊላቸው።»

ፔርሙሱን እጃቸው ላይ አስቀመጠችው።

«እንግዲያውስ እርስዎ ያጠጡልኝ። እርስዎን መቼም ሥራ ላይ ናቸው ብሎ የመዘገበ የለም።»