ፈጣኑ ስክሪን

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ በኮምፒውተር ጥገና ሱቁ ውስጥ የነበሩት ሦስት ሰዎች ናቸው፤ ባለሱቁ ኸይረዲን፣ አንድ የሚኒባስ ሹፌር እና የሹፌሩ ታናሽ ወንድም።

ሹፌሩ የወንድሙን ኮምፒውተርና በቅርቡ የገዛለትን ስክሪን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ።

«ጌም ላይ ማንም የማይችለው ልጅ ነበር» አለ። «አሁን የሰፈሩ ልጆች ሁሉ ያሸንፉታል። ምስሉ ይደበዝዝብኛል ሲለኝ ይህን ገዛሁለት፤ ምንም አልተሻለውም።»

«ስክሪኑማ ፈጣን ነው» አለ ኸይረዲን ኮምፒውተሩን ከፍቶ እያየ። «በሰከንድ መቶ አርባ አራት ምስል ያሳያል። ይሄ አሮጌ ግራፊክስ ካርድ ግን ስልሳውንም በግድ ነው የሚልክለት። በሬና አህያ አንድ ላይ ጠምዳችሁ እንዴት ይታረስ?»

ሹፌሩ ሳቀ። «ሰማህ አይደል? ጥፋቱ ያንተ አይደለም።»

ታናሹ ፈገግ አለ።

ኸይረዲን ለስክሪኑ የሚመጥን ካርድ መርጦ ገጠመና ኮምፒውተሩን አበራው። ማራገቢያው መጮህ ጀመረ። በመስኮቱ የገባው ፀሐይ ስክሪኑ ላይ ያንጸባርቅ ነበር።

«እሺ፣ እንዴት ነው?» አለ ሹፌሩ ከስክሪኑ ጀርባ ቆሞ።

ታናሹ ጠጋ ብሎ አየ። «ጋሼ፣ አሁንማ ጠራ። እንደ ውኃ ነው የሚፈስሰው።»

ኸይረዲን ቀና አለ። ስክሪኑን ከኮምፒውተሩ ጋር የሚያገናኘው ገመድ ገና በእጁ ነበር።

ሹፌሩ ዞሮ የጠቆረውን ስክሪን አየ። ከዚያ ወንድሙን አየ።

ሰኞ ጠዋት እጁን ይዞ ወደ ዓይን ሐኪም ወሰደው።