እስኪጠራ ድረስ

ጸሎት ሦስቱንም መነጽሮች በየተራ ወደ ፀሐይ ስታነሣ ሦስቱም ጠቆሩላት። ብስክሌቷን ከሱቁ ግድግዳ አስደግፋ፣ ከቀትሩ ፀሐይ ጋር ሙግት የገጠመች ይመስል አንገቷን ቀና አድርጋ ደጃፉ ላይ ቆማለች። አንዱ ቡናማ፣ አንዱ ግራጫ፣ ሦስተኛው ጥላሸት የመሰለ ነው። እሷ የወደደችው ሦስተኛውን ነበር።

«እሱን ተይው» አላት ባለሱቁ ሙሐዲን። «መጥቆርማ ማንም ይጠቁራል። ቁም ነገሩ ጥላ ስትገቢ ቶሎ መጥራቱ ላይ ነው።»

ሙሐዲን ሱቁን ከአባቱ የወረሰ፣ እንደ አባቱም የደንበኛን ቃል የማያምን ሰው ነው። እንዲህ ያለ፣ ፀሐይ ሲያይ የሚጠቁር ጥላ ሲገባ የሚጠራ መነጽር የፈለገ ሁሉ መጀመሪያ ደጅ ይቆማል፤ ከዚያ ከመጋረጃው ጀርባ ያለው ጨለምለም ያለ ጓዳ ይገባና መስታወቱ እስኪጠራ ይጠብቃል። ሳይሞከር የሚሸጥ መነጽር እሱ ዘንድ የለም። ለጸሎትም በላብ የማይንሸራተተውን የጆሮ ማንጠልጠያ፣ ከጎን ነፋስና አቧራ የሚከለክለውን ጠርዝ እየነካካ አስረዳት። ከብስክሌት መውደቋን ሰምቶ ስለነበር፣ ክርኗ ላይ ያለውን ቁስል አይቶ፣ ዛፉ መንገድ አልለቅም ብሎሽ ነው ወይ ብሎ ቀለደባት። ሣቀች፤ ልቧ ግን እዚያ አልነበረም።

ልቧ ዘጌ ነበር። የእሑዱ የብስክሌት ውድድር የሚያልፈው በዘጌ ጫካ ውስጥ ነው፤ ከሐይቁ ዳር ከሚያንጸባርቀው ሜዳ ተነሥቶ በድንገት የቡና ዛፍ ጥላ ውስጥ፣ ሥርና ድንጋይ የበዛበት ቁልቁለት ላይ ይጥላል። ያሸነፈ ለክልሉ ቡድን ይመረጣል፤ ጸሎትም ከልጅነቷ ጀምሮ የተመኘችው ይህንኑ ነው። ባለፈው ሳምንት ልምምድ ላይ ጫካው አፍ ላይ ስትደርስ ዓለም ጠፋባትና ከነብስክሌቷ ከዛፍ ጋር ተላተመች። ለአሠልጣኟ ፍሬን እንቢ አለኝ ብላ ዋሸች።

ፍሬኑ ደኅና ነበር፤ ጥላው ውስጥ ስትገባ ማየት ነው ያቃታት። አጎቷ መሪጌታ ተክለ ጊዮርጊስ ዛሬ ቤተ ክርስቲያን የሚሄዱት በመቋሚያቸው መንገድ እየዳሰሱ ነው፤ እሳቸውንም በወጣትነታቸው መጀመሪያ የጀመራቸው ዳፍንት ነበር፤ ሲመሽና ጥላ ሲሆን አለማየት። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል እንዲሉ፣ ጸሎት ከሁሉ የምትፈራው ይህንኑ ነው። ለዳፍንት ጉበት ፍቱን ነው ሲባል ሰምታ፣ ለማንም ትንፍሽ ሳትል በየምግብ ቤቱ ጉበት ስትበላ ከረመች። ጠብ ያለላት ነገር የለም። አሁን የቀራት አንድ ተስፋ ነው፤ ጥፋቱ ስትላተም ያደረገችው የአሮጌው ጥቁር መነጽሯ እንጂ የዓይኗ እንዳይሆን።

ሙሐዲን የመረጠላትን ግራጫውን አደረገች። ፀሐይ ላይ ቆማ አጠቆረችው፤ ከዚያ መጋረጃውን ገለጠላትና ጓዳ ገቡ።

ጨለማው ዋጣት። ሙሐዲን ከጎኗ ቆሞ መስታወቱን እየተመለከተ፣ አሁን ግማሽ ነው፣ አሁን ጨረሰ እያለ ይነግራታል። እሷ ከመጋረጃው ሥር ከሚሾልከው ቀጭን ብርሃን በቀር ምንም አላየችም። ጥቂት ጠበቀች፤ አሁንም ምንም።

«እህሳ?» አላት።

«ደኅና ነው፤ ሁሉም ይታየኛል።»

ከጥግ በኩል ጉሮሮ ተጠረገ።

«እኔ ምን በድዬሽ ነው፣ ጸሎት?» የሙሐዲን እናት የእማማ ዘይነት ድምፅ ነበር። ጓዳው ቀዝቃዛ ስለሆነ ለሶላታቸው ይወዱታል፤ ዙሁር ሰግደው ምንጣፋቸው ላይ እንደተቀመጡ ናቸው። «የሰፈሩ ሰው ኮራች፣ ማታ መንገድ ላይ ሰላምታ ነፈገችን ሲልሽ፣ እኔ ነበርሁ የምሟገትልሽ። ይኸው ፊቴ ቆመሽ ሁሉም ይታየኛል ትያለሽ፤ እንደምን ዋሉ እንኳ የለም።»

ጸሎት በኀፍረት ጋለች። እማማ ዘይነት እሷ ልጅ ሳለች ለዒድ ተምር በእጃቸው ያጎረሷት ጎረቤት ናቸው፤ ትልቅ ሰው ፊት ቆሞ ዝም ማለት ደግሞ ከስድብ አይተናነስም። ሆኖም ማምለጫው ቀላል ነበር። ኩራተኛ መባል ዕውር ከመባል ይሻላል፤ ይቅርታ ጠይቃ፣ ጉልበታቸውን ስማ፣ መነጽሩን ይዛ መውጣት ነው።

«ይቅር ይበሉኝ፣ እማማ፤ ሐሳቤ መነጽሩ ላይ ሆኖ ነው» አለችና ወደ ድምፁ ተራምዳ ጎንበስ አለች።

ከንፈሯ ያገኘው ጉልበታቸውን ሳይሆን የዕቃ ካርቶን ነበር።

ከዚያ የሙሐዲን እጆች መነጽሩን ከፊቷ ላይ ቀስ አድርገው አነሡት። ራሱ አድርጎት ጓዳውን ሲቃኝ ቆየ። መስታወቱ ምንም የለበትም አለ፤ ድምፁ የነጋዴ ድምፅ አልነበረም።

እማማ ዘይነት ከምንጣፋቸው ተነሥተው መጡና አገጯን ያዙ። ያ ሁሉ ቁጣቸው የት እንደገባ እንጃ።

«ከመቼ ወዲህ ነው፣ ልጄ?»

«ከፋሲካ ወዲህ» አለች ጸሎት። ለእናቷ ያልነገረችው ነገር ከአፏ ሲወጣ እንባዋም አብሮ ወጣ። ሙሐዲን መነጽሩን አጥፎ ኪሱ ከተተው፤ የእሑዱን ውድድር መነጽር እንደማያድንላት ገብቶታል።

እማማ ዘይነት እጇን ይዘው በመጋረጃው በኩል አወጧት። ደጃፉ ላይ ሲደርሱ ሁሉ ነገር ተመልሶ መጣላት፤ የቆመው ባጃጅ፣ ከመንገዱ ማዶ ያለው ዋንዛ፣ የብስክሌቷ ጎማ ሽቦ አንድ በአንድ፣ ከዘንባባዎቹ መሀል ብልጭ የሚለው ሐይቅ ሳይቀር ቁልጭ ብሎ ይታያታል። የእማማ ዘይነትን እጅ ግን አልለቀቀችም።