በመስኮቱ ወይስ በበሩ
«የድጋፉንና የተቃውሞውን ጩኸት ጆሮዬ አልለየውም፤ እንግዲህ በእግራችሁ ተለዩ» አለች የከተማው ስብሰባ መሪ። «የቤት ግብሩ ይጨመር የምትሉ በመስኮቱ በኩል፣ አይጨመር የምትሉ በበሩ በኩል።» ግብሩ ካልተጨመረ በአሜሪካ ቨርሞንት ግዛት ያለችው የዚህች ትንሽ ከተማ አምቡላንስ በሐምሌ ሥራ ያቆማል። በትምህርት ቤቱ አዳራሽ ወንበሮች ተንኳኩ። አሥር ዓመት ባሕር ማዶ ተምራ የተመለሰችው ዊኒፍሬድ ግን ከመቀመጫዋ ሳትነሣ አባቷን ትመለከት ነበር። ባለፈው ወር ልቡን በታመመ ጊዜ ያተረፈው ያው አምቡላንስ ነው፤ ጡረታው ደግሞ የአሁኑንም ግብር የሚችለው በጭንቅ ነው። ወዴት ይሄድ ይሆን?

ሽማግሌው ከዘራውን ተመርኩዞ ወደ በሩ አዘገመ።

«አንተ ውለታ ቢስ! ማን ተሸክሞ እንዳወጣህ ረሳኸው?» አለው አንድ ጎረቤቱ ከመስኮቱ በኩል።

«ያኔ ተሸክመውኛል፤ ዛሬ በእግሬ ነኝ!» አዳራሹ በሳቅ ተሞላ። በአጠገቧ ሲያልፍ ግን ጎንበስ ብሎ፣ «ነይ ልጄ፤ ቤቱን ለአንቺ ነው የማቆየው» አላት።

ተነሣች። በተማረችበት አገር ድምፅ የሚሰጠው ከመጋረጃ ጀርባ ነበር፤ እዚህ እያንዳንዷን እርምጃዋን ሁሉም ያያል። ቤቱ ቀርቶ አባቷ ቢቆይላትስ? ወደ መስኮቱ ሄደች። ድምፅ ቆጣሪው ትከሻዋን ነካ አድርጎ ቆጥሯት አለፈ። ግብሩ በሦስት ሰው ብልጫ ጸደቀ። ተቆጥቶ ይሆን ብላ ቀና ስትል፣ ከመጣች ጀምሮ እንደ እንግዳ ያስተናግዳት የነበረው አባቷ፣ ለከተማው ሰው ሁሉ እንደሚያደርገው ባርኔጣውን ለሰላምታ አነሣላት።