የሦስት ዓመት ዝገት

ጣራው ላይ ብቅ ስትል ብረቶቹ ያበራሉ። ለአፍታ የሰው ጣራ ላይ የወጣች መሰላት።

አባቷ መደርደሪያው ሥር በርጩማ ላይ ተቀምጦ የመጨረሻዋን ጠፍጣፋ ብረት በሽቦ ብሩሽ ይፍቃል። ዕድሜ ልኩን በያጅ ነበር፤ መደርደሪያውንም የበየደላት እሱ ነው።

«መጣሽ እንዴ ልጄ? ልጨርስልሽ ነው» አለ ቀና ሳይል። «ፕሮፌሰርሽ ዛሬ ይመጣሉ አላልሽም? ይሄን ሁሉ ዝገት አይተው ምን ሊሉን ነው? የበያጅ ልጅ ብረት መያዝ አታውቅም እንዲሉ?»

ሦስት ዓመት ሙሉ ብረቶቹን ለዝናብና ለፀሐይ አስጥታ የጠበቀችው ያንኑ ዝገት ነበር። ውፍረቱ፣ ቀለሙ፣ ብረቱን ምን ያህል እንደበላው፤ ጥናቷ ማለት እሱ ነው። ዛሬ ከፕሮፌሰሩ ጋር አውርደው ወደ ላቦራቶሪ ሊወስዷቸው ነበር። ዩኒቨርሲቲው የመጨረሻውን ማራዘሚያ ሰጥቷታል፤ ከዚህ ወዲያ ዶክትሬት የሚባል ነገር የለም።

ሲሚንቶው ላይ ቀይ ዱቄት ተበትኗል። ተንበርክካ በመዳፏ ልትሰበስበው ሞከረች። የየትኛው ብረት እንደሆነ ማን ያውቃል? ግማሹንም ነፋስ ወስዶታል።

«ተይው፣ እኔ እጠርገዋለሁ። ልብስሽን ታበላሺዋለሽ።»

«አባዬ...» ብላ ቀና አለች። ላብ ያቸፈቸፈው ፊቱ ፈክቷል። ይሠራበት የነበረው ጋራዥ ከተዘጋ ወዲህ እንዲህ ደስ ብሎት አይታው አታውቅም። ቃሉን መልሳ ዋጠችው። ማልቀስ ፈልጋ እንባው እንኳ እምቢ አላት።

«ያ የነገርሽኝ የኮከብ ነገር ሲከነክነኝ ዋለ» አለ አባቷ እየፋቀ። «ሆዱ ውስጥ ብረት መሥራት ሲጀምር አለቀለት ያልሽኝ።»

«አዎ። እስከዚያ የሚሠራው ሁሉ መልሶ ያሞቀዋል። ከብረት ግን የሚያገኘው ሙቀት የለም። በራሱ ላይ ይወድቃል።»

«ከብረት ሙቀት የለም? ይሄን ለበያጅ ትነግሪዋለሽ?» ብሎ ሳቀ። «ከዚያስ ምን ይሆናል?»

«እንጃ» አለች። ታውቀዋለች። ብረት ከየት ተወልዶ በምን እንደሚያልቅ የጥናቷ የመጀመሪያ ምዕራፍ ላይ ጽፋዋለች።

ደረጃው ላይ ኮቴ ተሰማና ፕሮፌሰሩ ቦርሳቸውን አንጠልጥለው ብቅ አሉ።

አባቷ ብድግ ብሎ ኮሌታውን አስተካከለ። «እንኳን ደህና መጡ የልጄ መምህር!» ብሎ እጃቸውን በሁለት እጁ ጥርቅም አድርጎ ያዘና ከልቡ ጨበጣቸው። ከዚያ ዘወር ብሎ መደርደሪያውን አሳያቸው። «ይኸው፣ አንድም ጉድፍ የለበትም።»

ፕሮፌሰሩ የሚያበሩትን ብረቶች አዩ። ቀጥሎ ተንበርክካ የቀረችውን ተማሪያቸውን አዩ። አንገቷን በቀስታ ነቀነቀችላቸው፤ ምንም አይበሉት እንደማለት። መዳፋቸውን ገልበጥ አድርገው ቢያዩት ቀልቷል።

«ውይ፣ ይቅርታ» አለ አባቷ። «ዝገት ነው፣ በውሃ ይለቃል።»

ውሃ ሊያመጣ ደረጃውን በጥድፊያ ወረደ። ፕሮፌሰሩ መዳፋቸውን እንደዘረጉ ቀሩ።