ባርኔጣ የሚያስወልቀው መኪና

እንዳላማው መኪና የገዛው ለማሬ አባት ነው። ለሥራ ነው ይበል እንጂ ለእሳቸው ነው። ሰውዬው መሬት ቀያሽ ነው፤ ባሕር ዳር አድጎ ደብረ ማርቆስ ሥራ ከያዘ ገና ስምንት ወሩ። ማሬ እዚያው ማርቆስ መድኃኒት ቤት ትሠራለች፤ አባቷ አቶ ምንይችል የይጁቤ ሰው ናቸው።

አምና አንዱ ምስኪን ማሬን ለመጠየቅ ሽማግሌዎቹን በባጃጅ ጭኖ ላከ። አቶ ምንይችል ከደጅ መለሷቸው። «ሰው ተነሥቶ ለማያከብረው ወንድ ልጄን አልሰጥም» አሉ። እሳቸው አንዴ እምቢ ካሉ አለቀ፤ እግራቸው ላይ ቢወድቁም ዋጋ የለውም። እንዳላማው ደግሞ ያለ ማሬ እንቅልፍ አጥቷል።

መኪናውን ያገኘው አማኑኤል ከተማ ነው። ሎንግ ቤዝ የሚሉት ረዥሙ፣ አረንጓዴ፣ በዕድሜ እንዳላማውን የሚበልጥ። ባለቤቱ አቶ ወልደ ሚካኤል ኮፈኑን መታ መታ አደረጉት።

«ሃያ ዓመት ስነዳው አንድም ተሳፋሪ ተማርሮብኝ አያውቅም» አሉ። «ሩጫም አያውቅ። ቀስ ብሎ የኖረ ነው።»

«ታዲያ ለምን ይሸጡታል?»

«አረጀሁ ልጄ። ሥራው ልብ ይፈልጋል።»

የኋላ ወንበር የለውም። ወለሉ በላሜራ ተለብጧል። ውስጡ ሽቶ ሽቶ ይላል። እንዳላማው ሽማግሌውን ሰረቅ አድርጎ አያቸውና በሆዱ «አይ አንቱ! በዚህ ዕድሜ!» አለ። ገዛው።

ማርቆስ ሲደርስ በቀጥታ ወደ መካኒኩ ወሰደው። አንተነህ ይባላል። መኪናውን ሲያይ የያዘውን መፍቻ አስቀመጠ።

«በየቀኑ የምትነዳው ይኼን ነው?»

«ምን ሆነ?»

«ምንም አልሆነ። ሞተሩ ጤነኛ ነው።» ጭንቅላቱን አከከ። «ቀለሙን ግን ብንቀይረው ይሻል ነበር። ጥሩምባውንም።»

እንዳላማው ሳቀ። መካኒክ ሁሉ አንድ ነው፤ የታመመ ሞተር ካጣ ቀለም ያክማል። ፍሬኑን አሠራ፣ ባሌስትራውን አስቀየረ፣ ከኋላ ሁለት አግዳሚ ወንበር አስገጠመ። አንተነህ በመጣ በሄደ ቁጥር የቀለሙን ነገር ያነሳል። እንዳላማው በሆዱ «ሌባ!» ይላል።

ከዚያ ወይ ጉድ! ከከተማ ወጣ ሲል ገበሬው ከተቀመጠበት ይነሣል። ባርኔጣውን ያወልቃል። ሴቶች ከመንገድ ወርደው አንገታቸውን ይደፋሉ። ባጃጅ ቅድሚያ ሲሰጥ አይታችሁ ታውቃላችሁ? ለእንዳላማው ሰጠ።

«አየህ እንዴት እንደሚከበር?» አለው አንተነህን። «የትልቅ ባለሥልጣን መኪና መስሏቸዋል። አንተ ደግሞ ቀለም ቀይር ትለኛለህ!»

«መከበሩንስ ይከበራል» አለ አንተነህ ቀና ሳይል። «እኔ ብሆን ግን እቀባው ነበር።»

«ቅናት ይገድልሃል አንተ ሰው!»

ምከረው ምከረው፣ እምቢ ካለ መከራ ይምከረው ይባል የለ? አንተነህም አፉን ዘጋ።

ለማሬ አላሳያትም። ሽማግሌ ሳይላክ አብሮ መታየት ነውር ነው ብላዋለች፤ እሱም ድንገት ላስደስታት ብሏል።

እሑድ ጧት አጎቱን አቶ ዘመነን ከሁለት ጎረቤቶቻቸው ጋር ከደብረ ኤልያስ አስመጣ። ሦስቱም ነጫጭ ጋቢ ለብሰው ከኋላ ተደረደሩ። እንዳላማው ራሱ ነዳ።

ይጁቤ መግቢያ ላይ ጥሩምባውን አንዴ ነፋ። ከቅዳሴ የሚመለሰው ሰው ሁሉ ቀጥ አለ። ባርኔጣ ወለቀ። ከዚያ ሕዝቡ መኪናውን ይከተል ጀመር። አንዲት ሴት ነጠላዋን እየጎተተች ቀድማቸው ሮጠች።

«አዩ አጎቴ? ገና ሳንጠይቅ ታጀብን!» አለ እንዳላማው። ደስታው ልቡን ሊያፈነዳው ነው።

አቶ ምንይችል ደጃቸው ላይ ቆመው ስልክ ጆሯቸው ላይ ለጥፈዋል። የደወሉለት ሰው አያነሣም። ማሬ እሑድ ተረኛ ናት፤ ሥራ ላይ ስልክ አታነሣም። ባለቤታቸው ወይዘሮ አገሬ የበሩን መቃን ይዘዋል።

ሽማግሌዎቹ ወርደው እንደ ደንቡ ተሰልፈው ቆሙ። እንዳላማው መሪው ላይ ቀረ።

«ከየት ነው?» አሉ አቶ ምንይችል።

«ከማርቆስ።»

«ተቀመጡ።»

«ጉዳያችንን ሳንናገር አንቀመጥም» አሉ አቶ ዘመነ። ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «የመጣነው ስለ ልጅዎ፣ ስለ ማሬ ነው።»

ወይዘሮ አገሬ እዚያው ተዝለፍልፈው ወደቁ። አቶ ምንይችል ስልኩን ከጆሯቸው አወረዱና የመኪናውን የኋላ በር አዩ።

«ይኼ መኪና ሬሳ ሳይጭን ይጁቤ ገብቶ አያውቅም» አሉ። «ልጄን አውርዱልኝና ልያት።»